የበቆሎ አገዳው አልሄደም

የበቆሎ አገዳው ከሃያ ደቂቃ በኋላም እዚያው ነበር። መቅደላዊት እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ የእጅ ሰዓቷን አየች፤ አገዳውን አየች፤ ደግማ ሰዓቷን አየች። ዳሩን ተከትላ በሁለት ችካል መካከል የወጠረችው ሲባጎ ዐሥር ሜትር ይሆናል። አገዳው ከመጀመሪያው ችካል ተነሥቶ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ደቂቃውን መዝግባ የውኃውን ፍጥነት ልታሰላ ነበር የመጣችው። አገዳው ግን ስንዝር እንኳ ፈቀቅ አላለም። እንዲያውም አንዲት ቀይ የውኃ ተርብ መጥታ ጫፉ ላይ ተደላድላ ዐረፈችበት።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለች አርየት ከዳር ሆና።

አርየት ከውኃው ዳር ባለው እርጥብ መሬት ላይ በቆሎ የምታበቅል የአኝዋክ ሴት ናት። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል። አማርኛን የተማረችው ከገበያ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነው የምትለው፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

"እስኪሄድ ነው የምጠብቀው" አለች መቅደላዊት።

"እሱ የሚሄደው ሰኔ ነው። እስከ ሰኔ እዚህ ትቆማለህ?"

ሾፌሩ ኩን በላንድሮቨሩ ጥላ ሥር ተጋድሞ ሳቀ። "እማማ፣ ተዪያት። የመንግሥት ሥራ ነው፤ ቆሞ መዋል ደሞዝ አለው" አለ።

መቅደላዊት ፊቷ ሲግል ተሰማት። ዩኒቨርሲቲ ሳለችም የመጨረሻው ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ መልሱን እያወቀች እጇን የማታወጣ ልጅ ነበረች። አሁን ግን ቀልዱን ትታ ጠየቀች።

"ሰኔ ነው ያልሽው?"

"ሰኔ ውኃ ከላይ ይመጣል፤ ባሮ ይሞላል። ያኔ ይኼ ክንዱ ይሆናል፤ ይሮጣል። ኅዳር ላይ ከላይም ከታችም ይቆረጣል።" አርየት በእጇ የራሷን ክንድ ከትከሻው እንደ መቁረጥ አደረገች። "አሁን ይኼ ወንዝ አይደለም። እንስራ ነው። እንስራ ይሄዳል?"

መቅደላዊት ወደ ላይ አየች። እውነትም ክንዱ ከባሮ የሚለይበት ቦታ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ፍየል ተኝቶበታል። ሴቶቹ ዋናውን ወንዝ ትተው ከዚህ የሚቀዱት አዞ ስለማይገባበትና ሥሩ ያለው አሸዋ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ነው። ከውኃው አርባ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ በአርየት በቆሎ መካከል፣ ጫፋቸው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው አዳዲስ ችካሎች ተተክለዋል። የከተማዋ ቄራ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። የመሠረት ድንጋዩ ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ ይጣላል።

"ቦታውን አላጠኑትም እንዳትል" አለች አርየት። "አጥንተዋል እኮ። ክረምት ላይ አንዲት ልጅ ድልድዩ ላይ ቆማ በገመድ ጠርሙስ አወረደች። እኛ ሳቅን። ወንዙን በጠርሙስ ልታጠምድ መጣች አልን።"

ኩን ከጥላው ቀና አለ። አንዴ አርየትን፣ አንዴ መቅደላዊትን አየና ተመልሶ ተጋደመ።

"እኔ ነበርኩ" አለች መቅደላዊት።

አርየት አልደነገጠችም። ጠጋ ብላ ከራስ እስከ እግሯ አየቻት። "ገመዱ አጭር ነበር" አለች።

እውነቷን ነው፤ ገመዱ አጭር ነበር። መቅደላዊት ያኔ ጋምቤላ ከገባች ገና አምስት ሳምንቷ ነበር። በጀት የሚዘጋው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነውና ለጥናቱ የተያዘው ገንዘብ ሳይመለስ ቶሎ ይሠራ ተባለ። ባሮ አፋፉ ድረስ ሞልቶ ቡና መስሎ ይወርዳል። ወደ ዳር መውረዱ ጭቃ ነው፤ እሷ ደግሞ ውኃ ትፈራለች። ከድልድዩ ላይ አራት ጠርሙስ ሞልታ ወደ አዲስ አበባ ላከች። የላቦራቶሪው ውጤት ደህና ነው ብሎ ተመለሰ። እንዲያ ሞልቶ የሚጋልብ ወንዝ ምን ይገኝበታል? ደጋ ያደገ ሰው ወንዝ ሁልጊዜ የሚወርድ ነገር ይመስለዋል። እሷም መስሏት ጽፋ ፈረመች።

ጎንበስ ብላ ከሥር አንድ ድንጋይ አነሣችና ገለበጠችው። ሆዱ ላይ ሩዝ የሚያካክሉ፣ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው እጮች ወደ ጥላው ሊሸሹ ተራወጡ። ዘጠኝ ቆጠረች። ሌላ ድንጋይ ገለበጠች፤ ዐሥራ አራት።

"ድንጋይ ገልባጭ" አለች አርየት እየሳቀች። "ምን አገኘህ?"

"እነዚህ ሲቆሽሽባቸው ይሞታሉ። እነሱ ካሉ ውኃው ጤነኛ ነው። ደም ከገባበት ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው፤ በቦታቸው ቀይ ትል ነው የሚተካው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ልጆች ይታመማሉ።"

አርየት ከዚያ በኋላ አልሳቀችም።

*

ክልሉ ራሱን ማስተዳደር ከጀመረ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። መቅደላዊት የምትሠራበት ቢሮ ማኅተሙን ያገኘው ከወንበሩ በፊት ስለሆነ የመምሪያ ኃላፊው አቶ ረታ እንግዳ ሲመጣባቸው የራሳቸውን ወንበር ለቀው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ይቀመጡ እንደነበር ሲያወሩ ይስቃሉ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ለመቅደላዊት የሚከራይ ክፍል ፈልገው ያገኙላት እሳቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ወር ወባ ሲይዛት ኪኒን የላኩላትም እሳቸው ናቸው። ይኸ ነበር ነገሩን የሚያከብደው።

"አቶ ረታ፣ የሐምሌው ጥናት ስህተት ነው።"

ይህን ዐረፍተ ነገር ከወንዙ እስከ ቢሮ በሆዷ ስትደጋግመው ነበር የመጣችው። ስትናገረው ግን ካሰበችው በላይ ቀስ ብሎ ወጣ።

"የትኛው ጥናት?"

"የቄራው። የእኔው።"

አቶ ረታ ፋይሉን ከመደርደሪያው አወረዱ፤ ገለጥ ገለጥ አድርገው ቦታውን አገኙና ጮክ ብለው አነበቡ፦ "'ወንዙ በብዛትና በፍጥነት የሚፈስ በመሆኑ፣ ከቄራው የሚወጣውን ፍሳሽ ተሸክሞ ስለሚያልፍ በተጠቃሚዎች ላይ ጉዳት አያደርስም።' የማን ፊርማ ነው ይኼ?"

"የእኔ።"

"ጥሩ ዐረፍተ ነገር ነው። ምን ጎደለው?"

"ወንዙ።"

አቶ ረታ ሊስቁ አሰቡና ተዉት። መቅደላዊት ቆማ፣ ዓይኗን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተክላ፣ ያየችውን ነገረቻቸው፤ አገዳውን፣ አሸዋው ላይ የተኛውን ፍየል፣ እጮቹን። ከኅዳር እስከ ሰኔ ሰባት ወር ውኃው አይንቀሳቀስም። ደሙም ፈርሱም ወርዶ እዚያው ነው የሚቀመጠው። በዚያ ሰባት ወር ሴቶቹ የሚቀዱት ከዚያው ነው።

"አሁን ከብቱ የት እንደሚታረድ ታውቂያለሽ?" አሉ አቶ ረታ። "ዛፍ ሥር፤ አፈር ላይ። ዝንብ ወሮት። ይኼ ሕዝብ ቄራ አያስፈልገውም?"

"ያስፈልገዋል። ቄራው አይሠራ አላልኩም። ወንዙን ተከትሎ ስድስት መቶ ሜትር ወደ ታች ይውረድ ነው ያልኩት። ከዚያ በታች የሚቀዳ ሰው የለም፤ መሬቱም ከፍ ያለ ስለሆነ ፍሳሹን ማጠራቀሚያ ጉድጓድ መቆፈር ይቻላል። በእግሬ ሄጄ አይቼዋለሁ።"

"ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ። የመሠረት ድንጋዩ ተቀርጾ አልቋል።"

"ድንጋይ ይነሣል፤ አቶ ረታ።"

"ስም የተቀረጸበት አይነሣም፤ ልጄ።" መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። "ወንዝ ይጎድላል፣ ይሞላል። ጥናት ግን አንዴ ከተፈረመ አይጎድልም፣ አይሞላም። አንድ ባለሙያ በሐምሌ ያለውን በየካቲት ከካደ፣ ነገ ይህን ቢሮ ማን ያምነዋል?"

"የተሳሳትኩትን ሳላርምስ ማን ያምነዋል?"

ይህን እንዴት እንዳለችው ለራሷም አልገባትም። አቶ ረታ መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው አንድ ወረቀት አወጡና ጠረጴዛው ላይ፣ ወደ እሷ አዙረው አስቀመጡት። ስሟን ከነአባቷ ስም በታይፕ ተጽፎ አየችው። የቋሚነት ደብዳቤዋ ነው። ስድስት ወር የነበረው የሙከራ ጊዜዋ አንዴ ተራዝሞባታል። አሁን የቀረው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው። ጎሬ ያሉት አባቷ በዚህ ዓመት ከመምህርነት ጡረታ ወጥተዋል፤ ከአምስት መቶ ብሯ ላይ በየወሩ የምትልከው ሁለት ታናናሾቿን ያስተምራል።

"ሰኞ እፈርመዋለሁ" አሉ አቶ ረታ። አላስፈራሯትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። "እኔ ቤተሰቤን መቱ ትቼ ነው እዚህ ያለሁት። ለጡረታዬ አራት ዓመት ነው የቀረኝ። ደብዳቤ ጽፌ ልላክ ብትዪ ደግሞ ያለ እኔ ፊርማ በወጪ መዝገብ እንደማይገባ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው እግርሽን ታጠቢ። ወለሉን ጭቃ በጭቃ አደረግሽው።"

*

እግሯን አልታጠበችም። ከታይፒስቷ ሁለት ካርቦን ለመነችና ባዶ ክፍል ፈልጋ፣ ብዕሯን ተጭና፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ቅጂ ጻፈች። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ይዛው ወደ መዝገብ ቤት ሄደች።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እትዬ እሙዬ ናቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እንደ በር የሚከብዱ ሁለት መዝገቦች ፊታቸው ዘርግተው ይውላሉ፤ በቀኝ ገቢ፣ በግራ ወጪ። መንግሥት ሲለወጥ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሳቸው የቀድሞውን መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤታቸው ወስደው አልጋ ሥር ደብቀው እንዳቆዩት ይወራል።

ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እያነበቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

"ረታ አልፈረመበትም" አሉ።

"አዎ። አይፈርሙም።"

"ያለሱ ፊርማ የወጪ ቁጥር ልሰጥሽ አልችልም። እናቴ ብትመጣም አልሰጣትም።"

"ነግረውኛል።" መቅደላዊት ወረቀቱን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። እትዬ እሙዬ ግን አልሰጧትም። የግራውን መዝገብ በክርናቸው ገፋ አደረጉና ወደ ቀኙ ዞሩ።

"ገቢ ግን ከማንም ይመጣል" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ነዋሪ ከሆነ፣ ስሙንና ፊርማውን ካኖረ፣ አልቀበልም ማለት አልችልም። ቁጥር ሰጥቼ ከረታ በላይ ላሉት ለዋናው ኃላፊ እመራለሁ። ግልባጭ ለምክር ቤቱ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ በእጅ ይሄዳል። ቁጥር ያለው ደብዳቤ መልስ ሳይሰጠው ሥራ ቢጀመር ነገ ያስጠይቃል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል።"

"እኔ እኮ የቢሮው ሠራተኛ ነኝ።"

"እሱ ነው ችግሩ። እንደ ሠራተኛ ከጻፍሽው ወጪ ነው። እንደ ነዋሪ ከጻፍሽው አቤቱታ ነው።" ወረቀቱን እንደገና አዩት። "አቤቱታ ደግሞ የተከሰሰ ሰው ይፈልጋል። ማን ነው የበደለው?"

መቅደላዊት ጥቂት አሰበች። "ጥናቱን የሠራችው ባለሙያ" አለች።

"ስሟስ?"

"መቅደላዊት።"

እትዬ እሙዬ መነጽራቸውን አወለቁና እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ድምፅ ሳያሰሙ ሳቁ። "ራሷን ከሳ የመጣች እስከ ዛሬ አላየሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሰውን ሲከስ ነው የመዘገብኩት።" ከዚያ ሳቃቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። "ስሚ ልጄ። ያቺ ባለ በቆሎዋ ሴትዮ አለች አይደል? አሻራዋን ታድርግበት። እንዲህ ያለውን ብዙ ተቀብያለሁ። አንቺ ከነገሩ ትወጫለሽ፤ ሰኞም ደብዳቤሽን ትቀበያለሽ። ለረታም ለአንቺም ደህና ነው።"

የአሻራው ቀለም ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ክዳኑ የዛገ ክብ ቆርቆሮ። መቅደላዊት አየችው። ላንድሮቨሩ ውጪ ቆሟል። ኩን ለመሄድ እሺ ይላል። አርየትም እሺ ትላለች፤ ጣቷን ነክራ ታትማለች፤ ከዚያ የሚጠየቅ ሲፈለግ የምትጠየቀው እሷ ናት። ማንበብ የማትችለውን ወረቀት ላይ፣ ሌላ ሰው በሠራው ስህተት።

"ከድልድዩ ላይ ጠርሙስ ያወረደችው እሷ አይደለችም" አለች።

"እሱስ አይደለችም።"

"እንግዲያው እኔ እፈርማለሁ።"

"ባለሙያ" የሚለውን ከስሟ ፊት ሰረዘችና "ነዋሪ" ብላ ጻፈች። "በሐምሌ የፈረምኩት" የሚለውን "የዚሁ ቢሮ ባለሙያ መቅደላዊት በሐምሌ የፈረመችው" ብላ አስተካከለች። ፊርማዋን አልለወጠችም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው እንዳይጠራጠር የሐምሌውኑ ፊርማ ከነጭራው ደገመችው።

እትዬ እሙዬ ማኅተሙን እፍ ብለውበት መቱት። ቀኑን ጻፉ፤ ከሥሩ ቁጥሩን፦ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። አንደኛውን ቅጂ ለዋናው ኃላፊ ወደሚሄደው ፋይል፣ ሁለተኛውን ለምክር ቤቱ ወደሚላከው ፖስታ ከተቱ። ሦስተኛውን ለእሷ ሰጧት።

በሩ ላይ አቶ ረታ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ ማንም አላየም።

"እሙዬ፣ እሱን አምጪው" አሉ።

"ቁጥር አግኝቷል።"

"ገና ከክፍሉ አልወጣም እኮ።"

"ከመዝገቡም አይወጣም" አሉ እትዬ እሙዬ፤ መዝገቡን ሳይዘጉ ክንዳቸውን አሳረፉበት። "በደርግ ጊዜ ሽጉጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ገጽ ገንጥዪ ብለውኝ አልገነጠልኩም። አንተ ደግሞ ሽጉጥም የለህ።"

አቶ ረታ ወደ መቅደላዊት ዞሩ። ብዙ ሊናገሩ የነበረ ይመስላል። "የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ መልሺ" አሉ ብቻ። "መኪናውም ከዛሬ ጀምሮ ለቅዳሜው ዝግጅት ተይዟል።"

ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

*

ቢሮው ካለበት ከኒውላንድ ሰፈር እስከ ወንዙ በእግሯ ሄደች። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም፤ ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ኩን በላንድሮቨሩ መስኮት ብቅ ብሎ "ድንጋይ ገልባጭ፣ እግር ነው እንግዲህ" አላት። ቀጥሎ ድምፁን ቀንሶ "ቅዳሜ እንግዶቹን የማመጣው እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" አለ።

አርየትን ልብስ አጥባ ስታሰጣ አገኘቻት። መቅደላዊት ወረቀቱን አወጣች።

"ምን ይላል?"

"ባለ ጠርሙሷ ልጅ ተሳስታለች ይላል። ይኼ ወንዝ አይደለም፤ እንስራ ነው ይላል። እንስራ ያልሽውን ከነስምሽ ጽፌዋለሁ፤ ካልፈለግሽ እሰርዘዋለሁ።"

አርየት ወረቀቱን ተቀብላ ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "አትሰርዝ" አለች። "አሁን አይሠሩትም ማለት ነው?"

"አላውቅም።" መዋሸት አልፈለገችም። "መልስ መስጠት አለባቸው። ላይሰጡም ይችላሉ። ቅዳሜ ግን ይመጣሉ።"

"ስንት ሰዓት?"

"ሦስት ሰዓት።"

"አንተስ?"

መቅደላዊት ወደ ውኃው አየች። መረቧም ባልዲዋም ግምጃ ቤት ተቆልፎባቸዋል። አርየት ቤት ግድግዳ ላይ ሴቶቹ ዓሣ የሚያወጡበት፣ ከቀጭን እንጨት የተጠለፈ ሰፊ ቅርጫት ተሰቅሏል።

"ያንን ታውሺኛለሽ?"

"ዓሣ ልታጠምድ?"

"እጭ ላወጣ። በአንድ ቀን የተቆጠረ አይበቃም፤ መደገም አለበት። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እገባለሁ፤ ድንጋይ በድንጋይ ነው የሚቆጠረው፤ እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። እንግዶቹ ምን እየሠራሽ ነው ካሉኝ እነግራቸዋለሁ።"

"ጮክ ብለህ ተናገር እንግዲያው" አለች አርየት ቅርጫቱን እያወረደች። "ድምፅህ ትንሽ ነው። እኛም ጠዋት ውኃ እንቀዳለን። ቅዳሜ ብዙ ውኃ ነው የምንቀዳው። የኦሞድን እናት እነግራታለሁ፤ ጎረቤቶቹንም።"

መቅደላዊት ጫማዋን አውልቃ ወደ ውኃው ወረደች። ጠዋት የወጠረችው ሲባጎ እንደነበረ አለ። አገዳውም ከጣለችበት አልተነቃነቀም፤ የውኃ ተርቧ ብቻ ሄዳለች። ሲባጎውን ልትጠቀልል ጎንበስ አለችና የመጀመሪያውን ቋጠሮ ግማሽ ፈታችው። ከዚያ መልሳ፣ ከበፊቱ ይበልጥ አጥብቃ አሰረችውና ተወችው።